ውርሱ እኩል ሲካፈል እናትና ልጆቿ ለምን ተለያዩ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላነበበው ሰው መጀመሪያ ባጭሩ ልድገመው። ባለቤትህ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ የእናቷ ወገኖች ከኢስተርን ሾር ናቸው፣ ማለትም ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ካለው የሜሪላንድ ገጠር። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ስትፈልጉ የ1820ዎቹ የካውንቲ (ወረዳ እንደ ማለት ነው) መዝገብ ውስጥ አንድ ገበሬ ሞቶ ንብረቱ የተቆጠረበት ገጽ አገኛችሁ፣ ቅድመ አያቷ ትሆናለች ብላችሁ የምታስቧት ሴት እዛ ገጽ ላይ ከነዋጋዋ ተጽፋለች፣ ከሷ በላይ የላባ ፍራሽ ከሷ በታች ጥንድ በሬ። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ልጆቿ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ስም ሥር ተበትነዋል። "ገበሬው ለልጆቹ እኩል አካፍሎ የሞተ ደግ ሰው ነበር ይላሉ፣ ታዲያ እናትና ልጅን ምን ለያቸው? ሕጉ ነው ወይስ የወራሾቹ ክፋት? አሁንስ ልጆቹን የት እንፈልጋቸው?" ብለሃል።

የእኔ ሥራ የዚህ አገር የድሮ የውርስ መዝገብ ማንበብ ነው፣ ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን በተለይ። ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አፍላና ተቀመጥ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ መዝገቡም የሚለው እንደዛ ስለሆነ።

ሕጉ ነው። እኩል ማካፈሉ ራሱ ነው የለያያቸው። አስበው እስቲ፣ ሦስት ወራሽ አለ፣ ንብረቱ ደግሞ በአብዛኛው ሰው ነው። አንዲት እናትና አምስት ልጆቿ አንድ ላይ ይሁኑ ካልክ የአንዱ ወራሽ ድርሻ ይገዝፍና የሌሎቹ ይጎድላል፣ ወራሾቹ ደግሞ ይካሰሳሉ። እኩል ይሁን ካልክ እናቲቱን እዚህ፣ ትልቁን ልጅ እዚያ፣ ሕፃኑን (ጡት ካልጣለ ከእናቱ ጋር፣ ከጣለ የትም) ታደርጋለህ። ለወራሾቹ ፍርዱ በተስተካከለ ቁጥር ለእነዚያ ሰዎች መበታተኑ ይብስ ነበር። ስለዚህ "ደግ አባት ነበር፣ ልጆቹን አላበላለጠም" የሚለው የቤተሰብ ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል እኮ፣ አልክድም፣ ግን ደግነቱ ለማን እንደነበር ማየት ነው።

አሁን አሠራሩን ልንገርህ፣ ምክንያቱም አሠራሩን ካላወቅክ ገጹን ማንበብ አትችልም። ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ሲሞት ጉዳዩ የሚሄደው ኦርፋንስ ኮርት ወደሚባለው ፍርድ ቤት ነው፣ የሙት ልጆች ፍርድ ቤት እንደ ማለት ነው ግን ስሙ አያሳስትህ፣ የውርስ ፍርድ ቤት ነው፣ ዛሬም ድረስ እዛ ስቴት ስሙ ይሄው ነው። ፍርድ ቤቱ አስተዳዳሪ ይሾማል፣ እኛ አገር የውርስ አጣሪ የምንለው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ልጁ ወይ አማቹ ነው፣ ዋስ ይጠራል ይፈርማል። ከዛ ሁለት ገማቾች ይታዘዛሉ፣ የሰፈር ገበሬዎች፣ የበሬም የሰውም ዋጋ የሚያውቁ ተብለው ነው የሚመረጡት። እነሱ ናቸው አንተ ያየኸውን ገጽ የጻፉት።

እኔ እነዚህን ገጾች ሳነብ ሁሌ የሚገርመኝ፣ ሰዎቹ በእግራቸው የሄዱበት መንገድ ከጽሑፉ ይታያል። ከሳሎን ይጀምራሉ፣ ሰዓት፣ ጠረጴዛ፣ መስታወት። ከዛ መኝታ ቤት፣ አልጋና ፍራሽ። ከዛ ማድ ቤት፣ ድስትና ምጣድ። ከዛ ግቢ ይወጣሉ፣ እዚህ ጋ ነው ሰዎቹ የሚመጡት፣ ወንዶች መጀመሪያ ወይ በዕድሜ ተራ፣ ከጎናቸው ዕድሜ ከዕድሜው ጎን ዶላር። ከዛ በረት፣ ከዛ ጎተራ፣ ያልተወቃ ስንዴ። አንዳንዱ ገማች ሰዎቹን ከሁሉ በፊት ይጽፋል፣ ውድ ንብረት ስለሆኑ። ያንተዋ ሴት ፍራሹና በሬው መሃል የገባችው ጸሐፊው ሊሰድባት ፈልጎ አይመስለኝም፣ ከቤት ወጥቶ ወደ በረት ሲሄድ መሃል ላይ ቆማ አግኝቷት ነው። ይሄ ደግሞ ከስድብ የባሰ ነው ለኔ።

እንደ በሬ እንዴት ይካፈላል ላልከው፣ የሜሪላንድ ሕግ ባሪያን እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነበር የሚቆጥረው፣ ከመሬቱ ጋር ሳይሆን ከከብቱና ከዕቃው ጋር። ቨርጂኒያ ደግሞ በ1705 ለውርስ ጉዳይ ባሪያ እንደ መሬት ይታይ ብላ አውጃ ነበር፣ በ1792 ነው የቀየረችው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን አይደለም፣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ከሆነ ዕዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው።

አሁን ያንተን ገጽ እኔ አላየሁትም፣ ስለዚህ ከዛው አካባቢ ከዛው ዘመን ከነምስክሩ የተረፈ አንድ ጉዳይ ላሳይህ፣ ያንተም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ሟቹ አሮን አንተኒ ይባላል፣ ቶልበት ካውንቲ ውስጥ፣ ዋና ከተማዋ ኢስተን የምትባለው። ካፒቴን ይሉት ነበር፣ የሎይድ ቤተሰብን የሸራ መርከብ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለነበር። ኋላ የኤድዋርድ ሎይድ እርሻዎች ዋና ተቆጣጣሪ ሆነ፣ ሎይድ ማለት የሜሪላንድ ገዥም ሴናተርም የነበረ በመቶ የሚቆጠሩ ባሪያዎች የያዘ ቱጃር ነው። አንተኒ ከሱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ሰው ነው፣ ተከሆ የሚባለው ወንዝ አካባቢ የራሱ እርሻና ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩት። በኖቬምበር 1826 ሞተ። ኑዛዜ አልተወም። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ልጆቹ ሦስት ናቸው፣ አንድሩ፣ ሪቻርድና ሉክሪሺያ። ንጹሕ ሂሳብ ነው፣ ለሦስት መክፈል።

ከነዚያ ሰዎች አንዱ ፍሬድሪክ ቤይሊ የሚባል ልጅ ነበር፣ በ1818 የተወለደ። ኋላ ዓለም ፍሬድሪክ ዳግላስ ብሎ ያወቀው። አንተኒ ሲሞት ልጁ እዛ አልነበረም፣ ባልቲሞር ከተማ ተልኮ የሉክሪሺያ ባል ወንድም ቤት ሕፃን ይጠብቅ ነበር። ግን የውርስ ንብረት ነውና በ1827 ለማካፈሉ ተጠርቶ በመርከብ ተመለሰ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁሉም አንድ ቦታ ተሰበሰቡ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ፣ ያገባው ካላገባው፣ ከፈረሱና ከበጉና ከአሳማው ጋር፣ ሁሉም በአንድ ዓይን ተፈተሹ። እሱ ራሱ ካደገ በኋላ ነው ይሄን የጻፈው፣ ባርነት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከምንጊዜውም ይልቅ ጥርት ብሎ የታየው ያኔ እንደሆነ ይናገራል።

ከግምቱ በኋላ ድልድሉ ነው፣ እሱ ነው ጭንቁ። ማን ለማን እንደሚደርስ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፣ እነሱ አይጠየቁም። ሁሉም የሚፈሩት አንድሩን ነበር፣ ሰካራምና ጨካኝ ስለነበር። ዳግላስ እንደሚለው እዛው ሰሞን አንድሩ የዳግላስን ወንድም ፔሪን ጉሮሮውን ይዞ መሬት ላይ ጥሎ ደም ከአፍንጫውና ከጆሮው እስኪወጣ በጫማው ተረከዝ ራሱን ረገጠው፣ ከዛ ወደ ዳግላስ ዞሮ አንተንም አንድ ቀን እንዲህ ነው የማደርግህ አለው። ልጁ ለሱ ቢደርስስ? ዕጣው ግን ወደ ሉክሪሺያ ወገን ወደቀና ወደ ባልቲሞር ተመለሰ፣ ወደዛ ከተማ ባይመለስ ኖሮ ፊደሉንም አይጨርስም ማምለጡም ይቅር ነበር ብዬ ነው የማስበው። የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ሦስት ቦታ የተከፈለ ዝርዝር ላይ የትኛው ዓምድ ሥር እንደተጻፈ ነው የወሰነው።

ሌሎቹስ? አያቱ ቤትሲ ቤይሊ፣ እሱን ያሳደገችው፣ ግማሹን ዝርዝር በልጆቿና በልጅ ልጆቿ የሞላችው ሴት፣ ለአንድሩ ደረሰች። ፔሪና እህቱ ሳራም ለአንድሩ። እህቱ ኤሊዛ ለሉክሪሺያ ወገን። ሳራ በ1832 ሚሲሲፒ ተሸጠች። ፔሪ ኋላ ከሚስቱ ጋር ቴክሳስ ገብቶ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1867 ነው ወንድሙን ያገኘው፣ ከ40 ዓመት ገደማ መለያየት በኋላ። ኤሊዛን ነፃ የሆነ ባሏ በ1836 ከጌታዋ ገዝቶ አወጣት። አየህ፣ የአንድ ማድ ቤት ልጆች ናቸው።

እዚህ ጋ ለአንተ ፍለጋ በጣም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። "ሉክሪሺያ ወረሰች" ስልህ ሉክሪሺያ አልወረሰችም። ማካፈሉ ሲደረግ እሷ ራሷ ሞታ ነበር፣ ድርሻዋ ለባሏ ለቶማስ ኦልድ ነው የሄደው። ዳግላስ በትዝታው ከማካፈሉ በኋላ የሞተች አድርጎ ነው የሚያስታውሳት፣ መዝገቡ ቀድማ እንደሞተች ያሳያል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትዝታ ነው፣ አይፈረድበትም፣ ግን ምስክርና መዝገብ ሲጋጩ ሁለቱንም ይዘህ ማንበብ ነው። በሕይወት ብትኖርም ለውጥ አልነበረውም፣ ያን ጊዜ ያገባች ሴት ተንቀሳቃሽ ንብረት ስትወርስ የባሏ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንተ የሟቹን የቤተሰብ ስም ብቻ ይዘህ ሰርች ካደረግክ ሴት ልጆቹ የወረሷቸው ሰዎች ሁሉ ከእጅህ ያመልጣሉ። አማቾቹን ፈልግ። መጀመሪያ የጋብቻ መዝገቡን አውጣ፣ የሟቹ ሴቶች ልጆች ማንን አገቡ፣ ከዛ በአማቾቹ ስም እንደገና ጀምር። ከሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሹ የሚቆሙት እዚህ ጋ ነው።

ሌላው፣ አባት በሕይወት እያለ ልጁን ሲድር አንዲት ልጅ አብሮ ይሰጥ ነበር፣ እንደ ማጫ በለው፣ ለሙሽራይቱ ቤት ሠራተኛ ተብላ የምትሰጥ የስምንት የአስር ዓመት ልጅ። ያቺ ልጅ ውርሱ ሲቆጠር ገጹ ላይ የለችም፣ ቀድማ ወጥታለች። ኑዛዜ ካለ ግን "ለልጄ እስካሁን በእጇ ያለችውን እገሊትን" የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል፣ ከድርሻዋ እንዲታሰብባት ማለት ነው። ካንተ ቁጥር አንድ ልጅ ከጎደለ እዛ ጋ እይ።

ስለ ዕዳ ደግሞ ልበልህ፣ ምክንያቱም ወራሽ ከመካፈሉ በፊት አበዳሪ ይቀድማል፣ እኛም ሕግ ዘንድ እንደዛው ነው። ጥሬ ገንዘብ ከሌለ የሚሸጠው ሰው ነው። ቶማስ ጀፈርሰን ከአንተኒ አራት ወር ቀድሞ ጁላይ 4 ቀን 1826 ሲሞት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። በኑዛዜው አምስት ሰው ነፃ አውጥቷል፣ አንዱ ጆሴፍ ፎሴት የሚባል አንጥረኛ ነው። ነፃነቱ ለሱ ብቻ ነው፣ ሚስቱና ልጆቹ ግን በጃንዋሪ 1827 ሞንቲቼሎ ላይ በተደረገው ጨረታ ከ130 ሰዎች ጋር ለሽያጭ ቀረቡ። አባትየው ነፃነቱ በኑዛዜ ተጽፎለት እያለ። ትልቅ ሰው ነው ትንሽ ገበሬ ነው ዕዳው አይለይም፣ ስለዚህ ከዛች እናት ልጆች አንዱ ከድልድሉ ገጽ ላይ ከጠፋ የግድ ሞቶ አይደለም፣ የሽያጭ ዝርዝር የሚባል ሌላ ወረቀት አለ፣ አስተዳዳሪው ለፍርድ ቤቱ የሚያቀርበው፣ ማን ምን በስንት እንደገዛ የሚል። ገዢዎቹ ብዙ ጊዜ ጎረቤትና ዘመድ ናቸው፣ አንዳንዴ ግን ከጆርጂያ ወይ ከኒው ኦርሊንስ ገበያ ጋር የሚሠራ ነጋዴ ነው፣ ያኔ ፍለጋው ይከብዳል።

መበለት ካለች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሲሶው የሷ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያ ሲሶ የዕድሜ ልክ ነበር፣ ልትሸጠው ነፃ ልታወጣው አትችልም፣ ስትሞት ወደ መጀመሪያው ባሏ ወራሾች ይመለሳል። የታወቀው ጉዳይ የጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ማርታ ከሱ በፊት ዳንኤል ከስቲስ የሚባል ሀብታም አግብታ ነበር፣ በ1757 ያለ ኑዛዜ ሞተባት፣ ሲሶዋን ይዛ ዋሽንግተንን አገባች። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት ማውንት ቨርነን ላይ 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፣ 123ቱ ብቻ ናቸው የሱ፣ 153ቱ የከስቲስ ውርስ ናቸው። የሱን ነፃ አወጣ። የነዚያን አልቻለም። ግን 40 ዓመት አንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል፣ ልጅ ደግሞ ባሪያ ነው ወይስ ነፃ የሚለውን ሕጉ የሚቆጥረው ከእናቱ ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ 1801 ነፃ የወጣ አባት ሚስቱንና ልጆቹን እዛው ትቶ ነው የወጣው፣ ማርታ በ1802 ስትሞት እነዚያ ለአራት የልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ፣ አራት የተለያየ እርሻ። አንድ ግቢ ውስጥ እገሌ የማን "ወረቀት" ላይ እንዳለ ማወቅ የሕይወትና የሞት ያህል ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ገጽህ እንመለስ፣ ዋጋዎቹን እንዴት እንደምታነባቸው። ከፍተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወንድ ላይ ነው። ልጅ እያደገ ሲሄድ ይጨምራል። ሴት ላይ ልትወልድ ትችላለች የሚለው ይታሰባል፣ ኑዛዜዎች ላይ "እሷና የወደፊት ፍሬዋ" የሚል ቃል ታገኛለህ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ሽማግሌዎች ጋ ስትደርስ ዋጋው ወደ ታች ይወርዳል ወደ ዜሮ፣ አንዳንዴ ዜሮም ጽፈው አያቆሙም፣ ወጪ ናቸው ብለው ይጽፋሉ። ሕይወቷን ሙሉ የሰጠች አሮጊት ከጎኗ ዜሮ። በዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመት ቆይቼ እሱን መስመር ሳይ አሁንም ትንሽ አቆማለሁ፣ እውነቴን ነው።

ዋጋው ለዕድሜው ካነሰብህ ግን ቶሎ "ታማ ነበር" አትበል። ሜሪላንድ ውስጥ የጊዜ ባሪያ የሚባል ነገር ብዙ ነበር፣ ማለትም ባለቤቱ እስከ እገሌ ዓመት ያገልግል ከዛ ነፃ ይውጣ ብሎ የጻፈለት ሰው። ገማቾቹ ያንን ይጽፋሉ፣ "ሰባት ዓመት የቀራት" ይላሉ፣ ዋጋዋም የሰባት ዓመት ጉልበት ዋጋ ነው። ይሄ መስመር ካለ ወርቅ ነው ያገኘኸው፣ ምክንያቱም የሆነ ቦታ የነፃነት ሰነድ ተመዝግቧል ማለት ነው፣ ከመሬት ሽያጭ መዝገቦች ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ግን ተጠንቀቅ፣ ጊዜዋን እየጨረሰች ሳለ የወለደቻቸው ልጆች በ1809ኙ ሕግ መሠረት ሰነዱ ላይ ካልተጠቀሱ ባሪያ ሆነው ነው የሚቀሩት። እናት ነፃ፣ ልጆች በወራሾች እጅ። ካንተ ጉዳይ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፣ አጣራው።

ዋጋው እኩል አልገጥም ካለ ደግሞ ወራሾቹ በገንዘብ ይተካካሳሉ፣ "እገሌ ለእህቱ 35 ዶላር ይክፈል" የሚል ነገር ካየህ ያ ነው። በዕጣ የተካፈሉም አሉ፣ ድርሻዎቹ ቁጥር ይሰጣቸውና ወረቀት ተጠቅልሎ ከባርኔጣ ውስጥ ይወጣል። እኛ ወንድማማቾች የአባት መሬት ሲካፈሉ ዕጣ እንደሚጥሉት በለው፣ ባርኔጣው ውስጥ ያለው የሰው ስም ነው እንጂ። ወራሹ ሕፃን ከሆነ ሞግዚት ይሾምለታል፣ እስኪያድግ የሱ ድርሻ የሆኑት ሰዎች በየዓመቱ ለሌላ ገበሬ ይከራያሉ፣ ኪራዩ ለልጁ ትምህርት። የሞግዚት ሂሳብ የሚባለው ወረቀት ስለዚህ በጣም ይጠቅማል፣ በየዓመቱ እገሊት ለእገሌ በስንት ተከራየች፣ ወለደች፣ ታመመች እያለ ይጽፋል። ሰዎች አያዩትም፣ ተጠቀምበት።

የት ትፈልጋለህ? ካውንቲው ያለው የኑዛዜ መዝጋቢ ቢሮ የድሮዎቹን አብዛኛውን ለስቴቱ ቤተ መዛግብት አናፖሊስ አስረክቧል፣ እዛ ሄደህ ማየት ትችላለህ፣ ፋሚሊ ሰርች የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይም ስካን የተደረገ ብዙ አለ። ኢንዴክሱ በሟቹ ስም ነው እንጂ በባሪያዎቹ አይደለም፣ ስለዚህ ገጽ በገጽ መገልበጥ አለ። ቆጠራውን ብቻ ይዘህ አትቁም፣ የአስተዳዳሪውን ሂሳብና የድልድሉን ዝርዝር አውጣ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ታሪኩ የሚወጣው።

ከላይ ወደታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደላይም ና። ሜሪላንድ ባርነትን ያስቀረችው በኖቬምበር 1 ቀን 1864 ነው፣ በአዲሱ የስቴት ሕገ መንግሥት። ከዛ በኋላ የቀድሞ ባለቤቶች የፌዴራል መንግሥቱ ካሳ ይከፍለናል ብለው ተስፋ አድርገው ስለነበር በ1864 በእጃቸው የነበሩትን ሰዎች በስም ከነዕድሜያቸው አስመዘገቡ፣ ካሳው አልመጣም፣ ዝርዝሩ ግን ለአንዳንድ ካውንቲዎች ቀርቷል። በስግብግብነት የተጻፈ ነው፣ ለኛ ግን ተረፈን። ከዛ የ1870 የሕዝብ ቆጠራ አለ፣ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በስም የተቆጠረበት የመጀመሪያው ነው፣ የ1850ና የ1860ዎቹ የባሪያ ዝርዝሮች በአብዛኛው ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ነው የሚጽፉት፣ ስም የለም። በ1870 ያገኘሃቸውን ስሞች ከ1820ዎቹ ገጽህ ጋር ለማገናኘት መሃል ያለው ድልድይ የወራሾቹ ወረቀት ነው፣ ወራሾቹም ደግሞ ሞተዋል፣ ደግሞ ተቆጥሯል፣ ደግሞ ተካፍሏል። አንድሩ አንተኒ ራሱ በ1833 ሞቷል እኮ፣ ከአባቱ ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እንደገና ገማች፣ እንደገና ድልድል። አንዲት ሴት በሕይወቷ ሦስት ጊዜ ተካፍላ ልታገኛት ትችላለህ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ነፃነት ከታወጀ በኋላ እነዚሁ ኦርፋንስ ኮርቶች ጥቁር ልጆችን "ሙያ ይማሩ" በሚል ውል ወደ ቀድሞ ጌቶቻቸው መልሰው ያስሩ ነበር፣ ወላጆቻቸው በር ላይ እያለቀሱ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ናቸው። በ1867 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሳልሞን ቼስ ኤሊዛቤት ተርነር በምትባል ልጅ ጉዳይ ላይ ይሄ ባርነት ነው ብሎ ሻረው፣ ልጅቷ ከዛችው ከቶልበት ካውንቲ ናት። ስለዚህ በ1870 ልጆቹ ከእናታቸው ቤት ሳይሆን ከነጭ ገበሬ ቤት ተቆጥረው ካየህ የውል መዝገቡን ፈልግ።

በነገራችን ላይ አንድ ሰው ከታች "የፈረንጅ ጉድ" ብሎ ኮሜንት አድርጓል። እኛ አገርም ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1942 ነው፣ ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ባሪያ የሚል አንቀጽ አለው። እዚህ አገር ያለው ልዩነት ገማቹ ዋጋውን ጽፎ ፍርድ ቤት ማስገባቱ ነው፣ ባለቤትህ ዛሬ ቅድመ አያቷን በስም ማግኘት የቻለችው በሱ ነው። የኛዎቹን የልጅ ልጆች በየትኛው ወረቀት እንደሚፈልጓቸው ማሰብ አልፈልግም።

አሁን እንዲህ አድርግ፣ ያቺን ገጽ ብቻ ሳይሆን ከሷ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ገጾች ስካን አድርገህ ላክ፣ ከስሟ ጎን በስተቀኝ ያለውን ዓምድ አትቁረጠው፣ ጭረት ወይ ትንሽ ቁጥር ካለ ዕድሜዋ ላይሆን ይችላል፣ የቀራት ዓመት ሊሆን ይችላል። የሟቹን ሴቶች ልጆች የጋብቻ ስምም ካገኛችሁ አብራችሁ ላኩልኝ። የትልቁ ልጅ ስም ከሁለተኛው ወራሽ ሥር ነው ብለሃል፣ እሱን ሰው በ1840ዎቹ ሞቶ ከሆነ ቀጣዩ ቆጠራ እዛ ነው የሚጀምረው።